አሬራ ውሃ

ታላቅ ወንድሜ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከጎረቤታችን ሽማግሌ ጋር ሲከራከር ነው። ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነበር። ወንድሜ ከደባርቅ በታች ካለው ፏፏቴ ሥር የተከለው፣ ለመንደራችን መብራት የሚሰጠው ማሽን ቆሞ ነበር። መንኮራኩሩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቶ ነው። ሽማግሌው ከእኛ በታች ነጭ ሽንኩርት በመስኖ ያለማሉ። ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ኤሌክትሪኩን አውጥታችሁ የምትለቁብኝ ውሃ አሬራ ነው!» አሉ። «ቅቤው ከወጣ ሽንኩርቴ በምን ይወፍር? ቦዩን እደፍነዋለሁ።»

«አባባ፣ ውሃው እንዳለ ይመለሳል» አለ ወንድሜ እየሳቀ። «እኛ የምንወስደው መውደቁን ብቻ ነው።»

«መውደቅ ደግሞ ይወሰዳል?»

«ይወሰዳል። በቱቦው ቁልቁል ሲወርድ መንኮራኩሩን ይገፋል፤ መንኮራኩሩ ዲናሞውን ያዞራል። እዚያ ውስጥ ማግኔት በሽቦ መሀል ሲዞር ኤሌክትሪክ ይሆናል። ውሃው ወደ እርስዎ ይሄዳል።»

«ከማግኔቱ ይልቅ ምላስህ ይዞራል!»

ወንድሜ ለከነገ ወዲያ ጠዋት ቀጠራቸው። ሁለት መደብ ሽንኩርት ሊተክልላቸው፤ አንዱን ከቱቦው በላይ በተቀዳ ውሃ፣ ሌላውን ከማሽኑ በታች በተቀዳ ሊያጠጣ።

«እስከዚያ ቦዩን አይንኩብኝ።»

«ካልቀረህ እሺ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ኩሽኔታ ሊገዛ ዳባት ሄደ። ሲመለስ ሚኒባሱ ተገለበጠ። በማግስቱ ቀበርነው። ይህን እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። ጃኬቱን ሰጡኝ። ኩሽኔታው ከነወረቀቱ፣ ምንም ሳይሆን፣ ኪሱ ውስጥ ነበር።

በቀብሩ ማግስት ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ።

«ሐዘንተኛ ተነስቶ የት ይሄዳል?» አለችኝ አክስቴ።

«ቀጠሮ አለብኝ።»

ኩሽኔታውን እሱ ሲገጥም አይቻለሁ እንጂ ገጥሜ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ተጣመመብኝ። በአራተኛው ገባ። የቱቦውን በር ከፈትኩ። መንኮራኩሩ አንገራገረ፤ ከዚያ ዞረ። የማሽን ቤቱ አምፖል በራ። ቆሜ አላየሁትም። ሁለት ጀሪካን ውሃ ቀዳሁ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ዶማ ጨምሬ ወደ ሽማግሌው ማሳ ወረድኩ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ወደ ለቅሶው ሊመጡ ማሳቸው ዳር ደርሰዋል።

«ልጄ፣ አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ?»

«ቀጥሮዎት ነበር፣ አባባ።»

ጀሪካኖቹን አዩና፣ «የትኛው ነው አሬራው?» አሉ።

«ሲበቅል እርስዎ ይንገሩኝ» አልኩና መቆፈር ጀመርኩ።