እማዬን ያሳመመችው ጂፕ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረችኝ። ከሳጉሬ ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ ሹም የገዛኋት ናት። በገበያ ቀን ነጋዴ አሳፍርባታለሁ፤ በሌላው ቀን እየወለወልኩ እኮራባታለሁ። ያን ዓመት ግን ዋና ሥራዋ እናቴን ማመላለስ ሆነ። እማዬ ወገቧን ታማ በየሳምንቱ ሐሙስ አሰላ ሆስፒታል እየሄደች መርፌ ትወጋ ነበር። መርፌው አንድ ሳምንት እንኳ ከቀረባት ሕመሙ እንደማያስቀምጣት አይቻለሁ። አንድም ሐሙስ እንዳላስቀርባት ምዬ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ መንገዱ ጨቀየ። የጭነት መኪኖች በቆፈሩት ቦይ ውስጥ የጂፕዋ ሆድ መሬት እየነካ ሁለት ጊዜ ቆምን። በሁለተኛው ጊዜ እማዬ ወርዳ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ የሚጎትተን በሬ እስኪመጣ ዝናብ ላይ ጠበቀች። ያን ቀን ጂፕዋን ከፍ ላደርጋት ቆረጥኩ። የኢተያ ሰዎች ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ እየጨመሩ መኪናቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል ይኼ ነው። እኔም አሰላ ወስጄ አስጨመርኩ፤ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለች። ጭቃውን ቀሚሷን ሰብስባ እንደምትሻገር ሴት ተሻገረችው።

ደስታዬ ግን ጭቃው አልቆ ደረቁ መንገድ እስኪመጣ ብቻ ነበር። ፍጥነት ስጨምር ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር ያጓራል፤ ወለሉ፣ መሪው፣ ጥርሴ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና የበሩን እጀታ ጨመቀች።

“ምነው እማዬ?”

“መኪናው ነው ልጄ። እኔስ ደኅና ነኝ፤ መኪናው ነው የሚያመኝ።”

ቀስ ብዬ ልንዳ ብል መንገዱ አያልቅላትም፤ ልፍጠን ብል አጥንቷን የምፈጨው ይመስለኛል። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ላሳርፋት ብዬ አሠቃየኋት። ያደረግሁት በገዛ እጄ መሆኑ ደግሞ እርር ድብን አደረገኝ።

ጎሚስታው “ጎማ ነው” አለ፤ ጎማዎቹን አቀያየርናቸው። መካኒኩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ አስፈትቶ መጋጠሚያውን፣ ክሮቼራ የሚሉትን፣ በአዲስ ለወጠው። እኔ ራሴ ዘንጉ አለመጉበጡን ክር ወጥሬ አየሁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ሐሙስ ግን ይመጣል፤ እማዬም እጀታውን ጨምቃ “መኪናው ነው” ትላለች።

በመጨረሻ መላውን ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ የአርሲ ሽማግሌ። መካኒኩ ሲፈታታ ደርሰው ጂፕዋ ሥር ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ።

“ያ ኢልማ ኮ፣ ስማኝ ልጄ። ትከሻውን ከፍ አድርገሃል፣ አፍንጫው ግን መሬት መሬት ያያል። ዘንጉ አንገቱን ሰብሮ ነው የሚዞረው። ማረሻ እንዲህ አልስተካከል ሲል እኛ ምን እናደርጋለን? ሽብልቅ!”

እውነታቸውን ነበር። መካኒኩም ግንባሩን መታ። በባሌስትራውና በኋላው አክስል መካከል አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ስስ የሆነ ብረት ቢገባ ዘንጉ የሚገባበት የአክስሉ አፍንጫ ቀና ይላል። ብረቱ ተቀጥቅጦ ተሠራ።

“ወፍራሙ በየት በኩል ይሁን አባቴ?” አለ መካኒኩ።

“ወደ አራሹ ነዋ!”

እርሻ ላይ ሽብልቅ የሚመታው ከኋላ ነው፤ ወፍራም ራሱም ወደ አራሹ ይቀራል። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለምና ማናችንም አልተከራከርንም። ወፍራሙን ወደ ኋላ አድርገን አሰርነው። በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ ሳንሞክራት እማዬን ጭኜ ወጣሁ። ጂፕዋ ከበፊቱ ብሳ ተንቀጠቀጠች። ለካ አፍንጫውን ጭራሽ ደፍተነዋል። እማዬ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀሰች። እኔም መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

“መኪናው ነው” አለች እንባዋን እየጠረገች። “አንተ ምን ታደርግ።”

ሌላ ሐሙስ ሳይደርስ ሽብልቁን ገልብጠን አሰርነውና ጂፕዋን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። ፍጥነት ጨመርኩ፤ ዝም። አሁንም ጨመርኩ፤ ዝም። ሁልጊዜ የሚንዘፈዘፈው መስታወት ውስጥ ከኋላዬ የቀረውን መንገድ ጥርት አድርጌ አየሁት። ብቻዬን እንደ እብድ እልል አልኩ። ስመለስ የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ፤ እሳቸውም “እኔ ነግሬህ የለ!” አሉኝ፣ በየት በኩል እንደነገሩኝ ረስተው።

ለእማዬ ምንም ሳልነግራት ሐሙስ አሳፈርኳት። ደረቁ መንገድ ላይ ስንደርስ ፍጥነት ጨመርኩና እስክትደነቅ ጠበቅሁ። ጂፕዋ ኮሽ አትልም። ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ግንባሯን ላብ አጥምቆታል፤ እጀታውን እንደ ወትሮው ጨምቃለች።

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ስታገል የከረምኩት መፍቻ ካለኝ ነገር ጋር ነበር። የእሷን ሕመም ግን በምን ልፍታው?

“ዛሬም አልተሻለውም አይደል፣ መኪናው?” አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“አልተሻለውም እማዬ” አልኳት። “ነገ እንደገና አስፈታዋለሁ።”