የሁለቱ ቧንቧዎች ጥያቄ

ሰፈሩ «ሲባዛ» ይላታል። ስም አጥታ አይደለም፤ ነገር ግን ልጆች መንገድ ላይ ሲንጫጩ በሰማች ቁጥር አንገቷን በመስኮት አስግጋ «ሰባት ሲባዛ በስምንት!» እያለች የምትጮህ ሴት ሌላ ምን ትባል? የተጠራው ልጅ ክው ይልና ጨዋታውን ትቶ «ሃምሳ ስድስት!» ይላል። ያልመለሰ እንደሆነ ወየውለት፤ እናቱ ጋ ሳይደርስ እሷ ጋ ይደርሳል።

ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። የጠመኔው ብናኝ ደረቷን ሲያፍናት፣ ሐኪሙም «ወይ ጠመኔውን ወይ ሳንባሽን ምረጪ» ሲላት፣ ጥርሷን ነክሳ ከትምህርት ቤቱ ወጣችና ሳሎኗን ክፍል አደረገችው። የቁም ሳጥኑ በር ላይ ነጭ ላስቲክ ወጥራ በማርከር ትጽፋለች። ጠረጴዛው ከአሮጌ በር የተሠራ ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ዛሬም አለ፣ ልጆች እርሳስ እየከተቱበት ያናድዷታል። ትቆጣለች፣ ታሽሟጥጣለች፣ «ቁጥር አይናከስም፤ ምን ያርበተብትሻል?» ትላለች፤ ግን ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ የመግቢያ ፈተና የወደቀ ልጅ ማግኘት ይቸግራል። ወላጆች ይህን ስለሚያውቁ ስድቧን እንደ ምርቃት ነው የሚቀበሉት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት፣ ያ ማደሪያና ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ ከሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈትኖ አንድ ልጅ ብቻ በነፃ ይወስዳል። ፈተናውም ሒሳብ ነው። ለዚያች አንድ ቦታ ደግሞ ከሲባዛ ጠረጴዛ ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፤ አንዷ የገዛ ልጇ ሚጡ፣ ሌላዋ የጎረቤቷ የልብስ ተኳሿ ልጅ ፌንጣ።

ፌንጣ ይህን ስም ያገኘችው ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። ቆማ ትሠራለች፣ እየዘለለች ትሠራለች፣ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መልሱን ትናገራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ትክክል ነው፤ ያበግናል። የሚጡ እርጋታ ሌላ ነው። አንዱን ስሌት ሠርታ፣ ደግማ አይታ፣ ጠርጥራ፣ እንደገና ትሠራዋለች። አትሳሳትም፤ ሰዓት ግን አይጠብቃትም። በልምምድ ፈተናው ሁሉ ፌንጣ በትንሹ ትበልጣታለች። ቦታው አንድ ሲሆን ደግሞ ያቺ ትንሽ ትበቃለች።

ሲባዛ ይህን እያየች አንጀቷ ያርራል። ልጇን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ሳሏ ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው፤ ለማንም አትናገርም እንጂ «እኔ አንድ ነገር ብሆን ይቺ ልጅ የት ትወድቃለች?» የሚለው ሐሳብ እህል አያስበላትም። ያ ትምህርት ቤት ከገባች ግን አልጋ አላት፣ ምግብ አላት፣ መጽሐፍ አላት፤ እናት ኖረች አልኖረች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ አታስብም። ሲባዛ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ ይህ «ብቻ» የሚባል ከሆነ።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሄደው ሁለቱ ቀርተዋል። ሚጡ አስርዮሽ ላይ አቀርቅራለች። ፌንጣ እንደ ልማዷ አንድ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ ሰቅላ የድሮ ፈተና ወረቀት ታገላብጣለች።

«ቲቸር፣ ይቺ የቧንቧዋ ነገር ግራ ገባችኝ፤ ያሳዩኝ» አለች።

ሲባዛ ጎንበስ ብላ አየች። አንዱ ቧንቧ ገንዳውን በሦስት ሰዓት ይሞላል፤ ሌላው በስድስት ሰዓት። ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፈቱ ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል? አወቀቻት። እንዴት አታውቃት! ቁጥሩን እየቀያየሩ በየዓመቱ የሚያመጧት፣ ጎበዝ የተባለውን ልጅ ሁሉ አንገት የምታስደፋ ጥያቄ ናት። ለመጨረሻው ቀን ያቆየቻትም ልጆቹ ትኩስ ትኩሱን ይዘው እንዲገቡ ብላ ነው። ማርከሩን አነሳች። ከዚያ ዓይኗ ሚጡ ላይ አረፈ፤ ልጅቷ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ የሠራችውን ደግማ ታያለች።

«እሱ ጥያቄ አይመጣም» አለች ሲባዛ። «ከዘንድሮው ወጥቷል። እለፊው።»

ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ቃሉ ከአፏ ወጣ። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ዓይንን በጨው መታጠብ ማለት ይህ ነው። ፌንጣ አንድ አፍታ ቀና ብላ አየቻትና «እሺ» አለች፤ ማስመሪያ አምጥታ ጥያቄውን በእርሳስ ሰረዘችው። ሚጡም ማስመሪያውን ተቀበለችና ከራሷ ወረቀት ላይ ሰረዘች።

ይሄኔ ነው ሲባዛ የባነነችው። ለፌንጣ የወረወረችው ነገር ሚጡ ጆሮም መግባቱን ከነአካቴው አላሰበችውም ነበር።

ከምሳ በኋላ፣ ፌንጣም ወደ ቤቷ ሄዳ፣ ሲባዛ በሩን ዘጋች። በጠራራ ፀሐይ በሯን ዘግታ አታውቅም። ሚጡን ጠረጴዛው ጋ ጠራቻት።

«ነይ እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ያችን የቧንቧዋን።»

«አይመጣም አልሽ እኮ፣ እማ።»

«ባይመጣም ማወቁ አይከፋም። ለጠቅላላ እውቀት።»

የሚጡ ፊት በራ። «እንደሱ ከሆነ ፌንጣን ልጥራታ! ስትጠይቅሽ ነበር እኮ፣ ደስ ይላታል» ብላ ብድግ አለች።

«ቁጭ በይ!»

ጩኸቱ ራሷን ሲባዛን አስደነገጣት፤ ሳሉም ተከትሎ መጣ። እስኪያልፍላት ሚጡ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ፊቷ ላይ ሲባዛ አሳምራ የምታውቀው ነገር ታየ፤ ከባድ ስሌት ሲገጥማት እንደሚሆነው ግንባሯ ቀስ እያለ ተሸበሸበ። ሲባዛ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምነው አሁን እንኳ ብትሳሳት» ብላ ተመኘች።

«እማ… ይመጣል እንዴ?»

ሲባዛ የማርከሩን ክዳን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

«ይመጣል?»

«በየዓመቱ ይመጣል» አለች ሲባዛ።

ሚጡ ደብተሯን ከደነች። አልወረወረችውም፣ አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላ ነው የከደነችው። «እንግዲያው እሷ ካልሠራችው እኔም አልሠራውም» አለች።

«አበድሽ እንዴ? ቦታው አንድ ነው! አንድ! ይሄ አይገባሽም?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው? ለራሴ ነው? ይሄ ደረቴ ነገ ቢከዳኝ ማን አለሽ? ንገሪኛ፣ ማን አለሽ?»

ሚጡ ግን ወይ ፍንክች። «አላወቅኩም ብላ ጠይቃሽ ነበር እኮ፣ እማ» አለች።

ሲባዛ እጇን አነሳች። ልጇን መትታ አታውቅም፣ ያን ቀንም አልመታቻትም፤ ግን እጇ ተነስቷል፣ ሁለቱም አይተውታል። በሩን በርግዳ ወጣች።

ግቢው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠች። በልጇ ተናደደች፣ በፌንጣ ተናደደች፣ ለዚህ ሁሉ ልጅ አንድ ቦታ ብቻ ቆርጠው በሰጡት ሰዎች ተናደደች። «እስቲ አሁን ይቺን ልጅ ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት?» አለች ለራሷ፤ መልሱ ሲመጣላት ደግሞ ባሰባት። «አላወቅኩም ያለ ልጅ ተነግሮት ነው የሚሄደው» እያለች ስንት ዓመት የጮኸችው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሚጡ ጡት ሳትጥል ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። አሁን ፌንጣ ጋ ብትሄድ የልጇን ቦታ በገዛ እጇ ለሰው ልጅ አሳልፋ ልትሰጥ ነው። ባትሄድ ያቺ ግትር ልጇ ፈተናው ላይ ጥያቄዋን ባዶ ትታ ትወጣለች፤ ታደርገዋለች፣ ማንን መስላ! ይሄ ሁሉ ቢቀር እንኳ ያ የልጅ ዓይን አለ። ከዚያ ዓይን ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ተደርጎ ይኖራል? አፈረች፤ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች። ከዚያ መንገዱን ተሻገረች።

መተኮሻ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። የፌንጣ እናት የሆቴል አንሶላ ዘርግታ እየተኮሰች ነበር። ፌንጣ ጥግ ካለው የልብስ ክምር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ያቺን ልጅ ቁጭ ብላ ማየት ራሱ ብርቅ ነው።

«የፌንጣ እናት፣ ልጅቷን አንዴ ብትሰጪኝ» አለች ሲባዛ ሳሏን እየዋጠች። «ጠዋት አንድ ጥያቄ… ተሳስቼ ዘለልኩባት።» ልትል ያሰበችው ሌላ ነበር።

ተኳሿ ካውያውን አቁማ ትክ ብላ አየቻት። ዓይኗን እስክትነቅል ድረስ ሲባዛ መግቢያ መውጫው ጠፋት። ከዚያ ተኳሿ ወደ ልጇ ዞራ «ሂጂ» አለቻት። አንሶላዋንም ማገላበጥ ቀጠለች።

በሲባዛ ሳሎን ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚጡ ቀና ብላ እናቷን አላየቻትም፤ ደብተሯን ግን ገለጠች። ሲባዛ ላስቲኩ ላይ ገንዳ ሳለችና ሁለት ቧንቧ ቀጠለችበት።

«እስቲ፣ በስንት ሰዓት ይሞላል?»

«በዘጠኝ!» አለች ፌንጣ።

«ብቻውን በሦስት ሰዓት የሚጨርስ ቧንቧ፣ ረዳት ሲጨመርለት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል? ረዳቱ ነው ወይስ ጠላቱ?»

ፌንጣ ሳቀች፤ ሚጡም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። «በስንት ሰዓት ይሞላል ብላችሁ አትጀምሩ» አለች ሲባዛ። «በአንድ ሰዓት ምን ያህሉን ይሞላል በሉ። የመጀመሪያው ሲሶውን፤ ሁለተኛው አንድ ስድስተኛውን። ደምሩ።»

«ግማሽ!» ፌንጣ ተነስታ ዘለለች። «በአንድ ሰዓት ግማሹ ከሞላ፣ በሁለት ሰዓት ሙሉ ነዋ!»

አያችሁ፣ ወዲያው ገባት። ሚጡ ግን ግንባሯ እንደተሸበሸበ ነው። ሲባዛ ደግማ አስረዳች፤ አልሆነም። እንደገና ልትጀምር ስትል ፌንጣ ማርከሩን ከእጇ ቀማቻትና ገንዳውን ስድስት ቦታ ከፋፈለችው። «ያኛው በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል ይሞላል፣ ይሄኛው አንድ ክፍል። ሦስት ሞላ። ስንት ቀረ?»

«ሦስት» አለች ሚጡ።

«በቃ! ያው ሌላ አንድ ሰዓት ነው።»

የሚጡ ፊት ተፈታ። ሲባዛ ባዶ እጇን ቆማ አየቻቸው። ልጇን ሊያሸንፋት የሚችለውን ነገር አሁን ለተፎካካሪዋ አስረክባለች። ደስ አላት ቢባል ውሸት ነው።

እሑድ ቤቱ ጭር ብሎ ዋለ። እናትና ልጅ «ውሃ አቀብዪኝ»፣ «በሩን ዝጊው» ከመባባል በቀር አልተነጋገሩም። ሰኞ ሲባዛ ሁለቱንም ይዛ ኮረብታውን ወጣች። ፈተናው እስኪያልቅ ከአጥሩ ሥር ከወላጆቹ ጋር ቆማ የጣቷን ጥፍር በላች። ልጆቹ ሲወጡ ከሁሉ በፊት የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«መጣ?»

«መጣ!» አለች ፌንጣ። «አንዱ በአራት፣ አንዱ በአሥራ ሁለት።»

«ስንት አላችሁ?»

«ሦስት ሰዓት» አሉ ሁለቱም እኩል። ሚጡ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ቀጥ ብላ አየቻት። ሲባዛ እፎይ ልትል ስትል ልቧ እንደገና ተሰቀለ፤ ሁለቱም ካገኙት የሚለያቸው ሌላ ጥያቄ ነው ማለት ነው። ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ መስኮቷ ላይ አልታየችም። ልጆቹ መንገዱ ላይ እንደልባቸው ተንጫጩ፤ ሰፈሩም «ሲባዛ ታማለች እንዴ?» ተባባለ።

ውጤቱ ተለጠፈ። ፌንጣ አለፈች። ሚጡ ሁለተኛ ወጣች፤ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳትደርስባቸው ሰዓቱ አልቆባት ነበር። ሁለተኛ ለወጣ ደግሞ ምንም የለም።

ሚጡ ቤት እንደደረሱ አልጋዋ ላይ ወጥታ ብርድ ልብሱን ተከናነበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ጥቂት ቆይቶ ብርድ ልብሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲባዛ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ምን ብላ ታጽናናት?

በሩ ተንኳኳ። የፌንጣ እናት ከነሥራ ልብሷ ገባች፤ ደስታዋን መያዝ አቅቷት፣ ያቺን አልጋ ስታይ ደግሞ ደስታዋን መደበቂያ አጥታ።

«ቲቸር፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም…»

«አታመስግኚኝ» አለች ሲባዛ። «ያን ቀን ተሳስቼ አይደለም። ሆን ብዬ ነው አይመጣም ያልኳት። ልጄ እንድትበልጣት ብዬ ልጅሽን ዋሸኋት።»

ወጣላት። እንድትሰደብ ተዘጋጅታ ቆመች።

«አውቃለሁ» አለች ተኳሿ። «ያኔውኑ ነግራኛለች። የአምናውም የካቻምናውም ፈተና ላይ አለ፣ ለምን አይመጣም አሉኝ ብላ አልቅሳ ነው የገባችው። መጥቼ በሰፈሩ ፊት ላዋርድሽ ነበር፤ አንሶላው ይለቅልኝ ብዬ ስዘገይ አንቺ በእግርሽ መጣሽ።» እጇን በሥራ ልብሷ ጠረገች። «እውነቱን ልንገርሽ ቲቸር? እኔ ብሆን አልመጣም ነበር።»

«እኔም አልመጣም ነበር» አለች ሲባዛ። «እሷ ካልሠራችው አልሠራም ብላ ደብተሯን ከድና የላከችኝ ይቺ ናት።» ወደ አልጋው ጠቆመች።

ብርድ ልብሱ መንቀጥቀጡን አቆመ። የፌንጣ እናት አልጋውን አየች፣ ሲባዛን አየች፣ እንደገና አልጋውን አየች። ጫማዋን አውልቃ ሄዳ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። «ልጄ» አለችና ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገለጠችላት። ሚጡ ዞራ ጭኗ ላይ ተደፋችና ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፤ ሲባዛም መጥታ በወዲያ በኩል ተቀመጠች።