በክር የተላከ ልክ

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ጎንደር ላይ ጭጋግ አይጠፋም ነበር። በበጋ ጭጋግ የለም ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል፤ ይከራከር። እኔ የማስታውሰው ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ በነጭ ነገር ውስጥ ስሄድ ነው። ግንቡ አይታይም፣ ዛፉ አይታይም፣ ሰው ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይመጣል። ደስ ይለኝ ነበር። በጭጋግ ውስጥ ደረቴን ማንም አያይም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት የሰውነት ክፍል በስሙ የሚጠራው ሲታመም ብቻ ነው፤ ያኔም በጣት ተጠቁሞ ይታለፋል። አሁን አርጅቻለሁና ማንንም አልፈራም፤ በስሙ ልጥራው። ጡቶቼ ትልልቅ ነበሩ። ከሥራቸው ሰፊ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ፣ ከባድ፤ ግራው ከቀኙ ይበልጣል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ቆማ በመቀነት ትጠፍረኛለች። "ተንፍሺ" ትላለች። ስተነፍስ መቀነቱን ሳብ ታደርገዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ያቺን የተረፈችኝን ትንሽ አየር ይዤ እዞራለሁ።

መቀነቱ የሚቆየው እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚያ ይላላል፤ እጄን ወደ ሰሌዳው ባነሳሁ ቁጥር ወደ ሆዴ ይወርዳል። ስለዚህ እጄን አላነሳም። ትከሻዬን ወደ ፊት አጥፌ፣ መዝገቡን በደረቴ አቅፌ፣ ጎብጬ አስተምራለሁ። ቤት ስገባ በትከሻዬና በትከሻዬ መካከል ፍም የተቀመጠ ይመስለኛል።

የማስተምራቸው ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ዘመናዊ ትምህርት ዘግይቶ የደረሳቸው ዲያቆናት፣ የሱቅ ሠራተኞች፣ ሁለት ፖሊሶች። ከመጨረሻው ረድፍ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ዲያቆን ይቀመጣል። ይህ ሰው ገና መጻፍ ስጀምር አንገቱን ያሰግጋል። በግራ ያሰግጋል፣ በቀኝ ያሰግጋል፣ አንዳንዴም ከወንበሩ ብድግ ይላል። ምን ለማየት እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግሁም። ጠላሁት። "ክህነት ያለው ሰው!" እያልሁ በልቤ ስሰድበው እውላለሁ።

ማስተማር እወድ ነበር። ይህን በግልጽ ልናገር፣ ያለዚያ የቀረው ነገር ቀልድ ብቻ ይመስላል። አንድ ሰው ያላወቀውን ሲያውቅ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር እወድ ነበር። ጥር ላይ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ በመዝገቡ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥሁ። እስከ ፋሲካ ልሞክር፣ ካልሆነ ለርእሰ መምህሩ ሰጥቼ ቤቴ ልቀመጥ አልሁ።

በመጀመሪያ የሄድሁት ፒያሳ ነው። አንድ ጨዋ ሙስሊም ሽማግሌ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከጀርባቸው፣ በካልሲዎቹ መካከል፣ አንድ ነጭ ጡት መያዣ በሚስማር ተሰቅሏል። እኔ ካልሲውን እያየሁ "ያንን" አልሁ። እሳቸውም ካልሲውን እያዩ "ይህንን?" አሉ። በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሁለታችንም ካልሲ የተገበያየን መስለን ተለያየን።

ቤት ገብቼ ለካሁት። ሁለት ሹል ነገር ነበረው፣ እንደ ላምባ መቅጃ። የእኔ ሹል አይደለም፣ ሰፊ ነው። ጫፉ ባዶ ቀረ፤ በጎንና በጎን ሥጋዬ ተረፈ፤ ሽቦው ብብቴን ወጋኝ፤ ከኋላ ደግሞ ለመቆለፍ አንድ ስንዝር ይጎድላል። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እኔ ከሰው ተለይቼ የተፈጠርሁ መሰለኝ። ልብሱ ሊሳሳት ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ።

እናቴ አልሳቀችም። ጨርቁን አገላብጣ አየችውና "አስመራ ትልልቁ ይገኛል ይባላል" አለች። በዚያው ሰሞን የክርስትና እናቴ አስመራ ያገባች ልጇን ልትጠይቅ ተነስታለች። ይህች ሴት በደብራችን በጸሎቷ የታወቀች ነበረች። ቅዳሴው ምንም ቢረዝም ግድግዳ አትደገፍም፣ አትቀመጥም፤ እንደ ቆመች ትጨርሰዋለች። ወጣቶቹ ስንዝል ቄሱ አባቴ እሷን በዓይኑ ያሳየናል።

እናቴ ራሷ ከፈተለችው ጥጥ አንድ ክር መዘዘች። በደረቴ ዙሪያ አዞረችና በሞላበት ላይ ቋጠረችው። ከመግዣው ገንዘብ ጋር በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለክርስትና እናቴ ስትሰጣት እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

"ይህ የክርስትና ልጅሽ ልክ ነው" አለቻት። "አስመራ ስትደርሺ በዚሁ ልክ ለልጅቱ... መቸም አንቺ ታውቂዋለሽ።"

"ምነው፣ አመማት እንዴ?"

"ጀርባዋን ነው እንጂ። ደረቷም ይከብዳታል።"

"አይዞሽ እህቴ፣ በእኔ ጣይው።"

ክሩን ሳመችና በጉያዋ አኖረችው። ክር መሳሟ ትንሽ ግር አለኝ፤ ግን ወጥቼ ብጠይቅ ቃሉን ልናገር ነው። ከጓዳ አልወጣሁም።

አውቶቡሱ ማለዳ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በግማሽ ልቤ ነው የኖርሁት። እኔ ከዳባት ወዲያ አልፌ አላውቅም፤ ልኬ ግን ከእኔ ቀድሞ አገር ያያል። ዛሬ ሊማሊሞን ወረደ እላለሁ፤ ዛሬ አዲ አርቃይ ሙቀቱ ውስጥ አደረ፤ ዛሬ ተከዜን ተሻገረ። ተማሪዎቼ ሒሳብ ሲሠሩ እኔ በመስኮቱ በኩል አስመራን አያለሁ። የመስተዋት በር ያለው ሱቅ፣ በውስጡ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት፣ ክሬን በጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ስታለሰልሰው። "ይህች ልጅ እንዲህ ናት" ትላለች። "የእሷ እንኳ እዚህ አለ" ብላ ከላይኛው መደርደሪያ ታወርዳለች። ማንነቴን ሳታውቅ ልኬን ብቻ አይታ የተረዳችኝ ሴት ነበረች። እንዴት እንደወደድኋት! ዛሬም ድረስ ያቺ ሴት አስመራ ውስጥ የምትኖር ይመስለኛል።

የክርስትና እናቴ መጋቢት መባቻ ላይ ተመለሰች። ገና ከደጅ ደረቷን እየመታች እልል አለች። አቅፋ ሳመችኝና "ስለትሽ ደርሷል!" አለችኝ።

እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

"ክሩን ራሱን በሰም አስነክሬ ጧፍ አደረግሁት። በማርያም ዕለት ከሥዕሏ ፊት አበራሁት። እንዴት ያለ ሸጋ ብርሃን! ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱንም አልፎ ነደደ። በተረፈው ገንዘብ ዳቦ ገዝቼ ለነዳያን አካፈልሁ። እንግዲህ ጀርባሽ ይተውሻል።"

ልትወቀስ አይገባትም። በእኛ አገር ሰው ሲታመም ክር በሰውነቱ ልክ ይለካል፤ ያ ክር ሰም ለብሶ በታቦት ፊት ይበራል። "የልጅሽ ልክ፣ ደረቷ ይከብዳታል" ተብሎ ክር የተሰጣት ደብር ሳሚ ሴት ሌላ ምን ታስብ? እናቴ አንዲት ቃል አፍራ ጡቴን አስመራ ድረስ ልካ አስለኮሰችው።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ወፍራም ንዴት። ቀጥሎ ግን፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጧፉ ታየኝ። ጨለም ያለ ቤተ መቅደስ፣ የሥዕሏ ዓይኖች፣ በእኔ ደረት ልክ የተዘረጋች ብርሃን። ስንት ዓመት በመቀነት የቀበርሁት ልክ በሰው ሁሉ ፊት በርቶ ማንም ፊቱን አላዞረም። ቆሜ ይህን ሳስብ ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋኝ።

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። "ጉዴ ፈላ! ጡት መያዣ እኮ ነው ያልሁሽ!"

"መች አልሽኝ?"

"አላልሁሽም?"

"ኧረ በማርያም አላልሽኝም!"

ስገባ የክርስትና እናቴ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። ድንገት ሳቋን ዋጥ አደረገችና በሩን ዘጋች። ነጠላዋን ገለል አድርጋ ከቀሚሷ አንገት ሥር ሰፋ ያለ ነጭ የአቡጀዲ ማንገቻ ሳብ አደረገች።

"ይህንን ነው?"

እናቴ አፏን ያዘች።

"ያለዚህማ መች እቆማለሁ?" አለች የክርስትና እናቴ። "ሰው ጽናቷ ይላል። እኔም ዝም ብዬ ምስጋናውን እበላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ንስሐ አባቴንም አልነገርሁት። እዚሁ አዲስ ዓለም ሰፈር አንዲት ሴት አለች፤ የልብስ ሰፊው ሚስት። ምነው ይህን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!"

አስመራ ብቻ ያለ የመሰለን ነገር ከእኛ ደብር ቁልቁለቱን ወርዶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር።

ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በስፌት ማኪናው ላይ ተቀምጧል። ሴት አይለካም፤ የሴት ልክ የሚስቱ ነው። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰክታ በመጋረጃው ሥር ታሳልፍለታለች፤ እሱም ምንነቱን ሳይጠይቅ የተሰካውን ሰፍቶ ይመልሳል። በጣሊያን ጊዜ ለአንዲት ነጭ ሴት ልብስ ስታጥብና ስትጠግን ያረጀ ጡት መያዣ ሰጥታት፣ ስፌቱን ፈትታ ፈትታ ሥራውን ከዚያ እንደተማረችው ነገረችኝ።

መቀነቱን ፈታችልኝ። በቆዳዬ ላይ የቀረውን ቀይ መስመር አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

"ልጄ፣ ይህን ማን አሰረው?"

"እናቴ።"

"እናትሽ የጤፍ ነዶ ነው ያሰረችው።"

ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ማፈር አልተመለሰልኝም። ከጡቴ ሥር ዙሪያውን ለካች። ከዚያ ጎንበስ በይ አለችኝና በሞላው ላይ ለየብቻው፣ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ ለካች። "እናትሽ በክር አንድ ዙር ብቻ ለካች አልሽኝ አይደል? አንድ ዙር ምንም አይናገርም። ከሥር ስንት ነው፣ ከላይ ስንት ነው፣ መሠረቱ ሰፊ ነው ጠባብ፣ ይህ ሁሉ መታወቅ አለበት። ሸክሙን የሚይዘው ከሥር ያለው ዙሪያ ነው፤ ትከሻ አይደለም።"

"ግራው ይበልጣል" አልሁ በቀስታ።

"የማን እኩል ነው?" አለች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ።

ይህን ያለችበትን ድምፅ አልረሳውም። ስንት ዓመት ብቻዬን የተሸከምሁትን ነገር እንደ ተራ ወሬ አለፈችው።

የተሰካውን ጨርቅ በመጋረጃው ሥር አሳለፈችለት። ማኪናው ጥቂት ሄደና ቆመ። "ይህች ሴት መንታ ወለደች እንዴ?" አለ ባልየው ከውጭ። "ሁለት የሕፃን ኮፍያ ነው፤ ግን አንዱ ጭንቅላት ይበልጣል።"

"አንተ ስፋ!" አለችው። ማኪናው እንደገና ቀጠለ፤ እኛ ነጠላ አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ሄጄ ለበስሁት። ከሥር ሰፊ ጥብቅ መታጠቂያ አለው፣ ከኋላ በሦስት ቁልፍ ይያዛል። ከሥሩ ሁለት ጣት አስገብታ ሞከረች፤ ልክ ሁለት ጣት ያስገባል። ማንገቻው አይቆርጥም። ከጎን የሚወጣ የለም፣ ከጫፍ ባዶ የለም። "ቀና በይ" አለችኝ።

"ቀና ብያለሁ።"

"አላልሽም።" መዳፏን በጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ያኔ ቀና አልሁ፤ አየሩ እስከ ታች ድረስ ገባ። አለቀስሁ እንጂ ሌላ ምን ላድርግ። መንገዱን በሙሉ እየተነፈስሁ ተመለስሁ፤ ከተማው ዝቅ ያለ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገባሁ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። እጄን አንስቼ ከሰሌዳው አናት ጀመርሁ፤ የሚወርድ ነገር የለም። መስመር በመስመር እስከ ታች ሞላሁት። ዞር ስል ያ ዲያቆን አላሰገገም። አጎንብሶ ዝም ብሎ ይጽፋል። እኔ ቀና ባልሁ ቀን እሱ አቀረቀረ፣ ኅሊናው ወቀሰው ብዬ በልቤ ኮራሁ። ሲያበቃ ደብዳቤዬን ከመዝገቡ አውጥቼ ቀደድሁት።

ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ወደኋላ ቀረ። ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ከፊቴ ቆመ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

"መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ገና ጽሕፈትዎን አነበብሁት።"

"እስከ ዛሬስ?"

"እስከ ዛሬማ ከታች ነበር የሚጽፉ። የፊተኞቹ ራስ ይጋርደኛል። አንገቴ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው። ልንገርዎ እያልሁ አፍሬ ነው።"

ስድስት ወር ሙሉ ደረቴን የደበቅሁ መስሎኝ ሰሌዳውን ነበር የደበቅሁት። ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ልለው ፈለግሁ፤ ይቅርታው የምን እንደሆነ ግን እንዴት ይነገራል? እጄን ዘርግቼ ደብተሩን ተቀበልሁት። ገለጥሁት። ግማሽ በግማሽ መስመር የተጻፈ፣ መሐል መሐሉ ባዶ የቀረ ደብተር ነበር። "ተቀመጥ" አልሁት፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ከመስከረም ጀምሮ የጎደለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍሁለት።