ለብሩክ ፎቶ ፍለጋ፣ እስከ ጎጆ

ንጋት፣ አምቦ

መናኸሪያው ገና ዓይኑን አልገለጠም። ብርድ፣ የናፍጣ ሽታ፣ «ጊንጪ! ጊንጪ!» የሚል ረዳት። የሥራ ባልደረባዬ ብሩክ አዲስ አበባ፣ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ነው። ማታ ደውሎ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ገበሬዎቹ ስልኩን ሲያዳምጡ ፎቶ ያንሱልኝ፤ የምለጥፈው አለኝ» አለኝ። ስልኩ የሚለው ሁለታችን የሠራነውን አገልግሎት ነው፤ የድንች ቅጠል የጠቆረበት ገበሬ ሲደውል በኦሮምኛ ምክር ይሰማል። ኮምፒውተሩ የብሩክ፣ ምክሩና ድምፁ የኔ።

ረፋድ፣ ጊንጪ

ወደ ጎጆ ከተማ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ሻይና ፓስቲ አዝዤ ስልኬን ከፈትኩ። ብሩክ የለጠፈው ፎቶ፤ እሱ መድረክ ላይ፣ ሱፍ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ባጅ። «በታላቅ ትሕትና» ብሎ ይጀምራል፣ «የገበሬውን ድምፅ ለዓለም አሰማሁ።» የማንን ድምፅ? ትሑት ሰው ለራሱ ይህን ያህል ያጨበጭባል? ከሥር የእንኳን ደስ አለህ መዓት። እኔ ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ኮሌጅ የገባሁ ሴት ነኝ፤ ስሜ አንድ መስመር ውስጥ ቢገባ ይበቃኝ ነበር። ዋሸሁ፤ አይበቃኝም። መድረኩንም ባጁንም ተመኘሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ቀትር፣ ጎጆ

ኮረኮንች፣ የገብስ ማሳ፣ በቀትርም የማይለቅ ብርድ። ድንች አምራቹ ኦቦ ጉታ በር ላይ ቆመዋል።

«አከም ጅርቱ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

ክው አሉ። «ያ ዋቃ! የስልኩ ድምፅ! ጫልቱ፣ ነይ! ያቺ ሴትዮ መጣች!»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። «በየቀኑ የሚደውልላት አንቺ ነሽ? ድንቹ ከዳነም በኋላ አልተወም እኮ!»

«የተቀዳ ድምፅ ነው እናቴ፤ እኔ አልመልስለትም።»

«እሱማ ነግሮኛል። ስለማትመልሺ ነው የወደደሽ!»

«ስታዳምጡ ላንሳችሁ» ብል እምቢ አሉ። እነሱ ቤት እንግዳ ዳር አይቆምም። ጎረቤት ተጠርቶ ካሜራውን ያዘ። መሐል አስቀመጡኝ፤ ኦቦ ጉታ በአንድ ወገን፣ አዴ ጫልቱ ክንዴን ጥብቅ አድርገው በሌላው። ሌላ ፎቶ አላነሳሁም። እስቲ ቆርጦ ያውጣኝ ብዬ ላክሁለት።

ማምሻ፣ አምቦ

ከመኪና ስወርድ ለጥፎታል፤ «ቡድኔ መስክ ላይ።» ስም የለም። እዚያው መናኸሪያ ቆሜ የዛሬውን ፎቶ ላይክ ከመድረኩ ፎቶ ላይክ ጋር አስተያየሁ። እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሰይ አልኩ፤ መሐል ላይ የተቀመጥኩት እኔ መሆኔ ትዝ እስኪለኝ ድረስ።