የዘጠነኛው ሰው ሻይ

ፈዲላ ሻይ ሸጣ አታውቅም። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ሀርጌሳ ውስጥ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ድሪያ ቀሚስ ትሰፋለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ታሳጥራለች። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት “ፈዲላ ፔርሙዝ” ብሎ ነው።

ስሙ የወጣላት ከፊልም ነው። በጦርነቱ ከሀርጌሳ የተሰደደው ሰው ወደ አገሩ መመለስ በጀመረበት ዓመት፣ ፋራህ የሚባል የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ጅግጅጋ ላይ “ዘጠኙ መንገደኞች” የሚል ፊልም ሠራ። ዘጠኝ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው ሲመለሱ ጎርፍ መንገዱን ይዘጋባቸውና ወንዝ ዳር ይውላሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ፋራህ አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴ የምትሆንለት ሴት ሲያጣ፣ የጅግጅጋዋን ልጅ ፈዲላን ከስፌት መኪናዋ አስነስቶ ወሰዳት።

በፊልሙ ውስጥ ብዙም አትናገርም። ፔርሙዟን ከፍታ ለስምንቱ ሰዎች ሻይ ትቀዳለች፤ የራሷ ተራ ሲደርስ ፔርሙዙ ባዶ ይሆናል። እሷም ባዶውን ብርጭቆ ወደ አፏ አስጠግታ እንደ ጠጣ ሰው “አልሐምዱሊላህ” ትላለች። እዚህች ቦታ ላይ ስንቱ እንዳለቀሰ አላህ ይወቀው። ካሴቱ ከመባዛቱ ብዛት የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆኗል። ፈዲላ ኋላ ሀርጌሳ መጥታ ሱቅ ስትፈልግ፣ የሱቁ ባለቤት ሴትዮ “ለራሷ ሳታስቀር ያጠጣችው አይደለች እንዴ?” ብለው ያለ ዋስ ቁልፉን ሰጧት።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት፣ ከሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ ሰዓት የሚጠግነው ጃማዕ፣ ፊልሙ ላይ ሹፌሩ የነበረው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣

“ሰማሽ? ፊልማችንን እንደገና ሊሠሩት ነው” አላት።

“ማን?”

“ሀርቢ ነዋ፣ የዴቃ ልጅ። አዲስ አበባ የተማረው።”

“አሮጌው ምን ሆነና?”

“ምን ያልሆነው አለ? ድምፁ ቀፎ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ከዘጠኛችን አራቱ አፈር ገቡ፤ ሦስቱ ባሕር ማዶ ናቸው። የቀረነው እኔና አንቺ፤ እኔ ጥርስ የለኝ፣ አንቺ ወገብ የለሽ።”

“ወገቤን ተወው! የሞቱትን ማን አስፈቀደ? ፊታቸውን በሌላ ሰው ፊት መሸፈን አይደለም ወይ?”

“ልጆቹ መቼ አወቋቸውና? ለልጅ ልጄ ካሴቱን ባስከፍትላት ‘አባባ፣ ይሄ ጭጋግ ምንድን ነው?’ አለችኝ። ዝናቡን እኮ ነው! አዲሱን ሲያዩ ቢያንስ እንዲህ ያለ ሹፌር ነበረ ይላሉ።”

ፈዲላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። “የኔንስ ማን ልትሆን ነው?”

“ሳሚያ። ቲኬት ቢሮ የምትሠራዋ።”

ሳሚያን እንዴት አታውቃት! ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ ማር የሚወርድ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። የዒድ ድሪያዋን የሰፋችላት ራሷ ፈዲላ ነች፤ የወገቧን ልክ በቃሏ ትይዘዋለች። ያን ቀን ሦስት እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ሦስቱንም ፈታች።

በሳምንቱ ሀርቢ ሳሚያን አስከትሎ መጣ። የፊልሙን ቀሚስ፣ ያንኑ ቡኒ ባለ ነጭ ነጠብጣቡን፣ ለሳሚያ እንድትሰፋለት ለመናት። እምቢ ብትል ቀናች ይሏታል፤ ስለዚህ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች። የልጅቷ ወገብ ከያኔው ከፈዲላ ወገብ እንኳ በአራት ጣት ይቀጥናል።

“ኤዶ” አለቻት ሳሚያ፣ በሱማልኛው አክስቴ ማለቷ ነው፣ “ያችን ቦታ እንዴት አደረግሻት? መስታወት ፊት ባዶ ብርጭቆ ይዤ ስሞክር ውሸት ይሆንብኛል።”

“ከልብ ነዋ።”

“ከልብ እንዴት?”

“ልብ ካለሽ” አለች ፈዲላ፣ አፏ ውስጥ መርፌ እንደያዘች።

የልጅቷ ፊት ቀላ። ፈዲላም መልሳ ራሷ አፈረች፤ ምክንያቱም እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ፣ በዚያ ዝናብ፣ ፋራህ ገና ልምምድ ነው ያላቸው መስሏት፣ ብርዱ አንጀቷ ሲገባ ድርሻዋን አስቀድማ ጠጥታው ነበር። ካሜራው ሲነሣ ዘጠነኛው ብርጭቆ ባዶ ቀረ። ደንግጣ የጠጣች አስመሰለች፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ፋራህ “ይህን ማን አስተማረሽ?” ብሎ ሲያለቅስ ዝም አለች። እንዲያው ዝም እንዳለች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት።

ቀሚሱን በሦስት ቀን ጨረሰችው። በጎንና በጎኑ፣ ከስፌቱ ውስጥ፣ ትርፍ ጨርቅ አጥፋ ተወች። ለምን እንደተወችው ራሷንም አልጠየቀችም።

ቀረጻው ከከተማው ወንዝ፣ ከደረቁ አሸዋ ላይ ነበር። ጎርፉን ያመጣው የውኃ ቦቴ ነው። ሰው ከየግንባታው መዶሻውን ጥሎ ሊያይ መጣ። ሳሚያ ባዶ ፔርሙዝ ይዛ ቀዳች፣ ጠጣች፣ “አልሐምዱሊላህ” አለች። “እንደገና” አለ ሀርቢ። አምስት ጊዜ እንደገና።

“የፈዲላን የመሰለ የለም!” ብሎ አንዱ ጮኸ። ፈዲላ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፈገግታዋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነችው። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ከቀመሰች ስንት ጊዜዋ!

ሀርቢ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ፣ “ይቅር በቃ። ዘጠኙም ይጠጡና እናልፈዋለን። ኤዶ፣ የምር ሻይ አፍይልን” አላት።

ይቅር? የሷ ቦታ ከነጭራሹ ሊጠፋ ነው። ድንጋጤዋን ውጣ እሳቱን አነደደች፤ ወተቱን ጨመረች፤ ሄሉን ወቅጣ ጣለች። ከቤት ያመጣችውን የራሷን ፔርሙዝ፣ ያንኑ የፊልሙን ቀይ አበባ የተሳለበትን፣ አውጥታ ሻዩን በብርጭቆ እየለካች ሞላች። ስምንት። ዘጠነኛውን አሸዋው ላይ ደፋችው። ለፊልሙ ብዬ ነው ልትል ፈልጋ ነበር፤ ልቧ ግን አላታለላትም። ሳሚያም በሰው ፊት ትደንግጥ፣ እሷም ትፈር ብላ ነው።

“ዘጠኝ ይወጣዋል” ብላ ለልጅቷ ሰጠቻት።

ሳሚያ ቀዳች። ስምንተኛው ጃማዕ ነበር፤ ሹፌርነቱ ቢቀር ሽማግሌ ተሳፋሪ አድርገውታል። ወደራሷ ስታዘነብለው ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ነቀነቀችው። ዓይኗ ፈዲላን ፈልጎ አገኛት፣ ከዚያ ተመለሰ። ብርጭቆውን ወደ አፏ አልወሰደችም። ቡሹን አንሥታ፣ ውስጡ ገና ሻይ እንዳለ ሁሉ እንዳይፈስ ብላ አጥብቃ ከደነችው። “ለኔ ቆይቶ” አለችና ፔርሙዙን ጉያዋ ውስጥ አስቀመጠች። በታሪኩ ውስጥ የጠጡት ስምንቱ መንገደኞች ምንም አያውቁም።

ሀርቢ “በቃ” ማለቱን ረሳ። ጃማዕ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ።

ያኔ ይህቺ ክዳን የፈዲላም እጅ ላይ ነበረች እኮ! ለምን አልከደነችውም?

ልጅቷ አሸዋውን እየረገጠች መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። “ኤዶ፣ ስንት ነበር የሞላሽው?”

“ስምንት።”

“ያኔስ?”

ፈዲላ ዙሪያዋን አየች። “ዘጠኝ። የኔን ጠዋት ጠጥቼው ነበር።”

ሳሚያ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ሳቋ ግን በጣቶቿ መሐል አመለጠ። ከኋላ ጃማዕ፣ “አንቺ ሴትዮ! ሆድሽን ሞልተሽ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስለቀስሽን?” አለ።

“አንተ ደግሞ ጆሮህ ብቻ ነው ያላረጀው!”

ሳሚያ ሳቋን ስትጨርስ ፔርሙዙን አገላብጣ አየችው። “ይቺን ለኔ ብትሰጪኝስ?”

“አልሰጥሽም” አለች ፈዲላ፣ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። “ቀሚሱንም ስትጨርሺ መልሺልኝ። ጎኑ ላይ ትርፍ አለው፤ ለራሴ አሰፋዋለሁ።”