ሁለት ጾመኛ፣ አንድ ኩባያ

አሶሳ፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው፤ ጃንጥላ በአንድ እጄ፣ ለእናቴ የገዛሁትን ጧፍ የያዘች ፌስታል በሌላው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ አሁን ደክሞት ያካፋል። አንድ ባጃጅ አጠገቤ ዝግ ብሎ "መናኸሪያ?" አለኝ። በእጄ ሸኘሁት። አሶሳ ውስጥ ሰው ሁሉ በባጃጅ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን በባጃጅ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ በእግሬ ነኝ። ተማሪዎቼ ገብጋባ ስለሆንኩ ይመስላቸዋል።

የምሄደው ለእርቅ ነው። ባጃጁን የነዳው ጌትነት የሙሉቀን ጓደኛ ነበር። ከሠርግ ሲመለሱ ጠጥቶ ነዳ፣ ቦይ ውስጥ ገለበጠው፣ ወንድሜን እዚያው ጥሎት ሮጠ። ፍርድ ቤት ሲጠየቅ "ሰው ልጠራ ነው የሮጥኩት" አለ። ታሰረ፣ ጨርሶም ወጣ። ያቺ መልሱ ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታ ቀረች።

አሁን የመንደራችን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቀን ቆርጠዋል። አባታችን በሕይወት ስለሌለ የይቅርታውን ቃል የምሰጠው የበኩር ልጅ እኔ ነኝ። እናቴ በፍልሰታ መጨረሻ መቁረብ ትፈልጋለች፤ ቤቴ ቂም ይዞ እኔ አልቆርብም ብላ ይኸው ከልቅሶው ወዲህ ከሥጋ ወደሙ ርቃለች። የእሷ ቂም አልቋል። የምትጠብቀው የእኔን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ይቅር ማለት አልፈልግም። ቤተ ክርስቲያን አባታችን ሆይ ሲደገም፣ "እኛም የበደሉንን" የምትለዋ ጋ ስንደርስ ዝም እላለሁ፤ የሕዝቡ ድምፅ ይሸፍነኛል። ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። "ልብህ እስኪሽር አትጠብቅ" አሉኝ። "በአፍህ ጀምር። ልብ ዘገምተኛ ነው፣ ኋላ ይደርሳል።" እርስዎ ምን አለብዎት ብዬ በሆዴ አማኋቸው።

ባምባሲ፣ ረፋድ ላይ

ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ልማዴ የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አደጋ በኋላ መኪና ውስጥ እጄ አይፈታም፤ ስወርድ ጣቶቼ ደንዝዘው ነው። ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ፈታሹ ወጣት ፌስታሌን ከፍቶ ጧፉን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ጧፉን ደግሞ አየ። ሰሞኑን መንገዱ የሚያስተማምን ስላልነበር ቀልድ የሞከረ የለም።

ባምባሲ በቆሎ እየተጠበሰ ነው። ጾመኛን ለመፈተን ከዚህ የባሰ ሽታ አላውቅም። ሴቶቹ በኦሮምኛ እየተጠራሩ ከሰሉን ያራግባሉ፣ ለውዝ በጣሳ ይሰፍራሉ። ወደ ቶንጎ የሚወጣው አንድ ላንድክሩዘር ብቻ ነው። ትናንት በዝናቡ ምክንያት እሱም አልወጣም። የኛ መንደር እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት፣ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠራ መንደር።

ሾፌሩ አጣሂር ይባላል። ረጅም፣ ነጭ ቆብ ያደረገ የበርታ ሰው ነው፤ ተሳፋሪውን እንደ ጆንያ ይደረድራል። አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ "ኡስታዝ" ብሎ ሰየመኝና እስከ መጨረሻው ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። ከኋላ ወንበሮቹ ትይዩ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ገብቼ ቀና ስል ጌትነት ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

በኛ ወግ ደመኞች ከእርቅ በፊት አይገናኙም። ከአንድ ማዕድ አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። ሽማግሌዎቹም ለዚህ ብለው ጌትነት በዋዜማው እንዲሄድ አዝዘውት ነበር። መኪና ካልወጣ በምን ይሂድ? ሲያየኝ ሊወርድ ተነሣ፤ አጣሂር ግን በሩን ከውጭ ቀርቅሮታል። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ "ያ ረቢ" ብለው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ጭቃው

ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጉልበቱ ከጉልበቴ ይጋጫል። ከስቷል። እኔ የወንበሬን ብረት ጨብጬ በመስኮቱ ቀርከሃውን አያለሁ። ልናገር ብል ምን እንደምናገር ስለማላውቅ ፈራሁ፤ እጄን ደግሞ የበለጠ ፈራሁት።

ከአንዲት ድልድይ ማዶ ዳገቱ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወርደን ገፋን። ፈቀቅ ይልና ተመልሶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አጣሂር ድንጋይ አምጡ ብሎ ጮኸ። ሁሉም ወዲያ ወዲህ ሲል ጌትነት ከወንዙ ዳር ትልቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ መጣ።

ነፍስ ያጠፋ ሰው ምሕረት ሲለምን በኛ ዘንድ እንደዚያ ነው የሚቀርበው፤ ድንጋይ ተሸክሞ። እትዬ ዘይነባ እኔን አዩኝ። ፊቴን አዞርኩ። እሱ ቀና ብሎም አላየኝም፣ ድንጋዩን ጎማው ሥር አስገብቶ ሌላ ሊያመጣ ወረደ። ዝናቡ ጀመረ፣ አባራ፣ ደግሞ ጀመረ። እሱ እየተመላለሰ ነው። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተተረተረ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

መኪናው ዳገቱን ሲወጣ የጾሙ ሰዓት አልፏል። አጣሂር ከጣሪያው ላይ የውሃ ጀሪካንና አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ አወረደ። ሰው ሁሉ ቀን በየፊናው ሲጠጣ እኔና ጌትነት አለመቅመሳችንን ልብ ብሎ ኖሯል። ሰዓቱ መድረሱን ጠየቀኝ፤ ደርሷል አልኩት።

"ኡስታዝ ጾም ነው፣ ይሄ ልጅ ጾም ነው" አለ። "ሁለት ጾመኛ፣ አንድ ውሃ። ለኔ አጅር ነው።"

በረመዳን እንደለመደው ጾመኛ አስፈጥሮ ምንዳ ማግኘቱ ነው። ኩባያውን ሞልቶ በመካከላችን ዘረጋ። እትዬ ዘይነባ፣ እነዚህ ደመኞች ናቸው፣ አብረው አይጠጡም ብለው ሊያስቆሙት ሞከሩ። አጣሂር እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ እጁን ግን አልሰበሰበም።

"ኩባያ ሌላ የለም" አለ።

ጌትነት ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ "ለጋሼ ስጣቸው፣ እኔ መንደር ስደርስ እጠጣለሁ" አለ። ልጅ ሆኖ ቤታችን ሲመጣም ጋሼ ነበር የሚለኝ።

ኩባያውን ተቀበልኩ። ጾም ሳይጸለይ አይፈታም፤ አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ። እዚያችው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። እዚህ የሚሸፍነኝ ሕዝብ የለም። ዝምታዬን ሁሉም ሰማው፤ ጌትነትም አንገቱን እንደደፋ ሰማው። ጠምቶኛል፣ ውሃው እጄ ላይ ነው፣ አልጠጣም።

"ለምን ሮጥክ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

"ፍርድ ቤት ሰው ልጠራ ነው ብያለሁ፣ ጋሼ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው የሮጥኩት። ሙሉቀን ስሜን እየጠራኝ ነበር።"

ኩባያውን ፊቱ ላይ ልደፋው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ይህንን አልደብቅም። ወንድሜ እስከ ዛሬ በኔ ሐሳብ ዝም ብሎ ነበር የሞተው። ግን ያቺ ዓሣ አጥንት፣ ውሸቱ፣ ከጉሮሮዬ ወጣች። የቀረው ሐዘን ብቻ ነበር፣ ሐዘንን ደግሞ አውቀዋለሁ። ጌታዬ፣ ልቤ አልደረሰም፣ አፌን ተቀበለኝ አልኩ። ከዚያ ያቋረጥኩትን መስመር ከነመጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸለይኩት። "የበደሉንን" ስል ድምፄ ተሰበረ። አሜን ያሉት እትዬ ዘይነባ ናቸው።

ግማሹን ጠጥቼ ኩባያውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እያለቀሰ ጠጣው።

አመሻሹ ላይ፣ መንደር

እትዬ ዘይነባ "ተነሥ፣ ደርሰናል" ብለው ቀሰቀሱኝ። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። እጆቼ ጭኔ ላይ ተዘርግተዋል፣ ብረቱን የያዘ የለም።

ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሲጠብቁን ውለዋል። አብረን ስንወርድ ሲያዩ፣ ጠጥተን መምጣታችንንም ሲሰሙ መምሬ ካሣ ተቆጡ፤ ሥርዓት አፍርሳችኋል፣ ድንጋይ ሳይሸከም፣ ምሕረት ሳይለምን እንዴት ይሆናል አሉ። ለጌትነት ያዘጋጁት ድንጋይ ከእግራቸው አጠገብ ነበር።

"ድንጋዩንማ ሲሸከም ነው የዋለው፣ መምሬ" አሉ እትዬ ዘይነባ። "እኔ ምስክር ነኝ።"

መምሬ የልጁን ትከሻ አዩና ያዘጋጁትን ድንጋይ በእግራቸው ወደ አጥሩ ገፋ አደረጉት።

እናቴ በወጉ መሠረት ሁለት ትሪ አሰናድታለች፣ አንዱ ለኛ ወገን፣ አንዱ ለነሱ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ቃሉን ሰጥቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰጥቻለሁ አልኳት።

"በአፍህ ነው በልብህ?"

"በአፌ ነው፣ እማዬ።"

"ደግ። እኔም ከአፌ ነው የጀመርኩት።"

የአንዱን ትሪ ምግብ ወደ ሌላው ገለበጠችው። ጌትነት ከአጥሩ ማዶ፣ ለመሄድም ለመምጣትም ፈርቶ ቆሟል። እናቴ በስሙ ጠራችው። አልተንቀሳቀሰም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደግማ ጠራችው።

መጣ።