የጣልያን ምርኮ ነው ያልኩት ማንዶሊን

ሽማግሌው ጣታቸውን በማንዶሊኑ ቀዳዳ አስገብተው ዳበሱና «ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት ማን ፋቀው?» አሉ። የፋቅሁት እኔ ነኝ፣ በሽንኩርት ቢላዋ።

ፒያሳ ካለች አንዲት የክራርና የጊታር መጠገኛ ሱቅ ነበርን። ልጄ የተበጠሰ ክር ልታስቀይር ይዛው ስትገባ እኔም ተከተልኳት። ሽማግሌው ነጋዴ ናቸው፤ ሬዲዮናቸውን ሊወስዱ መጥተው ማንዶሊኑን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። የሳቸው አባት ማንዶሊን ከቤታቸው ተሰርቋል ለካ።

«ከየት አመጣሽው?» ቢሏት፣ ልጄ ደረቷን ነፍታ «የእናቴ አያት ከጣልያን የማረኩት ነው፣ ሐጂ» አለቻቸው።

«የኔም የጣልያን ነው። ሌባ ካልሆነ ወረቀት ምን ብሎ ይፍቃል? ወላሂ፣ ፖሊስ ሳይመጣ ከዚህ አትወጡም!» ብለው በሩ ላይ ቆመው ስልካቸውን አወጡ።

ልጄ ዞራ አየችኝ። «እማ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ምን ብዬ ልንገራቸው? እኛ አገር ያረጀ ነገር ሁሉ የጣልያን ነው፤ በሩም፣ ድልድዩም፣ ቁም ሣጥኑም። እኔም ያንኑ ብዬ ነበር። ዕቃው ግን የባሌ ነው። አዘዞ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት እየዞረ ይጫወትበት ነበር፤ ሰካራም ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍለት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጃችን ጡት ሳትጥል እሱ ሞተ። የአዝማሪ ልጅ እንዳትባል ብዬ አባትሽ ሹፌር ነበር አልኳት። ወረቀቱ ላይ ጃፓን የሚል እንዳለ ባሌ ነግሮኝ ስለነበር፣ ልጄ የፈረንጅ ፊደል ማንበብ ስትጀምር ፋቅሁት። እኔ ራሴ ሦስተኛ ክፍልን አልጨረስኩም፤ ቃሉ የቱ ጋ እንዳለ ስለማላውቅ ሁሉንም ነው የፋቅሁት።

ጠጋኙ «ቆይ ሐጂ፣ ከመደወልዎ በፊት ልየው» ብሎ ማንዶሊኑን ተቀበላቸው። መቃኛውን ወደ ብርሃን አዞረ። «ይህን ብሎን አዩት? አናቱ ባለ መስቀል ነው። በጣልያን ጊዜ ዕቃ ላይ የማገኘው አንድ ጭረት ብቻ ያለውን ነው።»

«ብሎንማ ይቀየራል።»

«እሺ፣ ፊቱስ?» የቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ነካ። «ኮምፔንሳቶ ነው፣ ተነባብሮ የተጣበቀ። የድሮዎቹ ወጥ እንጨት ናቸው።» ከዚያ ክሮቹን አላልቶ፣ ትንሽ መስታወት በሽቦ አስገብቶ፣ በስልኩ መብራት ውስጡን አሳየን። የኔ ቢላዋ ያልደረሰበት፣ አንገቱ ሥር፣ እንጨቱ ላይ ማኅተም አለ። ጠጋኙ ጮክ ብሎ አነበበው። «በጃፓን የተሠራ። ጣልያን ከወጣ ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። የአባትዎ አይደለም።»

ሐጂ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ ከበሩ አልተነሡም። «ታዲያ ለምን ተፋቀ? የእናትሽ አያት ጃፓንን ነው የማረኩት?»

ጠጋኙ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

«እኔ ነኝ የፋቅሁት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ስላልተሰማኝ ደግሜ አልኩት። «የባሌ ነው። ጠጅ ቤት ይዘፍንበት ነበር። አፍሬበት ነው። አያቴ ማንንም አልማረኩም፤ ትክል ድንጋይ በሚባል ገጠር እርሻቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው።» መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ልጄን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። በሌብነት ሊያሳስራት የደረሰው የኔ ኩራት ነው፤ የአባቷን ማንነት ደግሞ በሰው ፊት ነው የነገርኳት።

ሐጂ ከበሩ ዘወር አሉ። «አፉ በሉኝ። እኔም የአባቴ ዕቃ መስሎኝ ነው» አሉና ሬዲዮናቸውን ይዘው ወጡ።

ሚኒባስ ውስጥ ልጄ ማንዶሊኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። ቤታችን ወዳለበት ፀዳ ልንደርስ ስንል፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ሸጋ ይጫወት ነበር?» አለችኝ።

«ሸጋ ይጫወት ነበር» አልኳት።

ቤት ገብተን በሩን ቀረቀርሁት። ኀፍረቱ ገና ፊቴ ላይ ይፋጃል። ግን ፖሊስ አልተጠራም፣ ልጄም አልታሰረችም፣ እፊቴ ተቀምጣለች። ተርፈናል።